በክር የተሰፋ ቀን

እስቲ ይቺን ከረጢት ተመልከቷት። ከመዳፍ ብዙም አትበልጥም። ከመጋረጃ ትርፍራፊ የተሰፋች ናት፤ አፏ በአንዲት ቡናማ አዝራር ይዘጋል። ፊቷ ላይ በቀይ ክር «9» የሚል ቁጥር ተጠልፏል። አዝራሯን ፍቱና ክዳኗን ገልብጡት። ከውስጥ በኩል፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ በዚያው ቀይ ክር ሌሎች ቁጥሮች ተሰፍተዋል፦ 17 – 9 – 92። ቀን፣ ወር፣ ዓመት። በጣታችሁ ዳስሱት። የሚደበዝዝ ቀለም ወይም የሚቀደድ ወረቀት አይደለም። ክር ነው፤ ያውም ድርብ።

እንግዲህ ይቺን ከረጢት ነው አርባ አንድ የኢንተርኔት ገጾች፣ አንድ ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ አስመጪ ድርጅትና አንድ የነሐስ ሰሌዳ ተባብረው ውሸታም ያሏት። ሳይመካከሩ ነው የተባበሩት። መመካከርማ ቢኖር ኖሮ አንዱ እንኳ ጥያቄ ባነሳ ነበር። አንዱ ከሌላው ገለበጠ፣ ሌላው ከዚያኛው ገለበጠ፣ በቃ። የመጀመሪያው ግን ከማንም አልገለበጠም። የመጀመሪያው ፈጠረ።

የፈጠረውን ሰው ጓደኞቹ ካላንደር ይሉታል። የአርባ ሰባት ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። በአንድ የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ሥራውም ቀን ማየት ነው። ካርቶን ይከፍታል፣ የተመረተበትን ቀን ያያል፣ የሚያበቃበትን ቀን ያያል፣ ሁለቱን አብሮ ከመጣው ቅጽ ጋር ያመሳክራል። ከቁጥሮቹ አንዷ ከደበዘዘች ካርቶኑን ይመልሳል። አለቃው «ኧረ ሦስት እኮ ናት፣ ትታያለች» ቢለው፣ «ስምንትም ልትሆን ትችላለች» ብሎ ድርቅ ይላል። አንድ ጊዜ ስድሳ ካርቶን የሳል ሽሮፕ በአንዲት ደብዛዛ ቁጥር ምክንያት በመጣበት መኪና መልሶ፣ ሾፌሩ የካላንደርን ዘር ማንዘር እየረገመ ሄዷል። ካላንደር ግድ አልሰጠውም። ሻዩን ጠጥቶ ወደሚቀጥለው ካርቶን ዞረ።

ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ቀን ፍለጋ ይሄዳል። የድሮ ቪዲዮ ጌሞች በዚህ አካባቢ መቼ፣ በማን እጅ፣ በየትኛው ሱቅ በኩል ለሰው እንደደረሱ ይመዘግባል። እህቱ ቤት ለምሳ በሄደ ቁጥር ይህ ነገር ይነሳል። «ሰው በአንተ ዕድሜ ቤት ይሠራል፤ አንተ የተሰበረ መጫወቻ ልደት ታከብራለህ» ትለዋለች። ባሏም ይስቃል። ይሳቅ። የሃያ ዓመት የኳስ ውጤት ከነጎል አግቢው በቃሉ የሚወጣ ሰው ነው፤ የእሱ ዕውቀት ሆነና የካላንደር ዕብደት ሆነ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው፦ የያኔ ጌም በካሴት ነበር የሚመጣው። ዘፈን የሚሰማበት አይደለም፤ ከማሽኑ አናት ላይ ቀጥ ተደርጎ የሚሰካ፣ እንደ ጡብ ድፍን ያለ ፕላስቲክ። አንድ ጌም ደግሞ በየአገሩ አንድ አልነበረም። በአንዳንድ አገር ቴሌቪዥኑ ሥዕሉን በሰከንድ ስልሳ ጊዜ ይቀይራል፣ በዚህ በኩል ሃምሳ ጊዜ። ስለዚህ ለእኛ ወገን የተሠራው ካሴት ዝግ ይላል፤ መኪናው ይንቀራፈፋል፣ ዜማው ይጎተታል። ከባሕር ማዶ የመጣው ይፈጥናል፤ ግን ከእኛ ቴሌቪዥን ጋር ስለማይግባባ ቀለሙ ይጠፋና ጥቁርና ነጭ ይሆናል፣ ሥዕሉም እንደ ጥቅልል ወደ ላይ ይሸሻል።

ካላንደር ከዚህ የራሱን ዘዴ አወጣ። አንድ ሰው «ልጅ እያለሁ እጫወተው ነበር» ሲለው ወዲያው የሰከንድ መቁጠሪያውን ከኪሱ ያወጣል። «ዜማውን አንጎራጉርልኝ» ይላል። የባንክ ዘበኛ አንጎራጉሮለታል፤ የጥርስ ሐኪም የሰው አፍ ከፍቶ እንደያዘ አንጎራጉሮለታል። «ቀይዋ መኪና» እየተባለ የሚጠራው የሽቅድምድም ጌም ዜማ በዝግተኛው ካሴት ሠላሳ ሰከንድ፣ በፈጣኑ ሃያ አምስት ሰከንድ ይወስዳል። ሰው ከሠላሳ ዓመት በኋላ መንገዱን፣ ሰፈሩን፣ የአስተማሪውን ስም ይረሳል፤ ዜማው ግን በነበረበት ፍጥነት ጭንቅላቱ ውስጥ ተቀምጧል። ካላንደር ሦስት ጊዜ ያስደግምና አማካዩን ይጽፋል። ስልሳ ሦስት ሰው አንጎራጉሮለታል። ስልሳ ሦስቱም ሠላሳ ሰከንድ።

ስልሳ ሦስቱም ደግሞ ወንዶች ናቸው። ይህን ልብ በሉልኝ። ሬዲዮ ጠጋኝ ጠየቀ፣ ቴሌቪዥን ሻጭ ጠየቀ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሁሉ ዞረ። ከመጋዘኑ ሁለት መንገድ ብቻ ዞር ብሎ፣ አዝራርና ክር የሚሸጡ ሴት ጌም ያውቁ እንደሆነ ለመጠየቅ አልታሰበውም። እንዴት ይታሰበው። አዋቂ ነዋ።

አሁን ወደ ሰነፉ ከሰዓት በኋላ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ ምሳውን በልቶ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። የዓለም ሰብሳቢዎች ሁሉ የሚጽፉበት አንድ ትልቅ የኢንተርኔት ማኅደር አለ፤ ካላንደር እዚያ ውስጥ «ሰባተኛው መደርደሪያ» በሚል ስም የታወቀ ነው። በእጁ አንድ የጋዜጣ ቁራጭ ነበረው፤ የአስመጪው ድርጅት የ«ቀይዋ መኪና» ማስታወቂያ። ዓመቱ ይነበባል፣ 95። ቀኑና ወሩ የነበሩበት ጥግ ተቀድዷል። የማኅደሩ ቅጽ ደግሞ ቀንና ወር ካልተሞላ አልቀበልም አለ። በመጋዘን ውስጥ በአንዲት ደብዛዛ ቁጥር ስድሳ ካርቶን የሚመልሰው ሰውዬ ምን አደረገ? «ለጊዜው» ብሎ 1 – 1 – 95 ጻፈ። ቅጹ ቀጥሎ «ምንጩ ተረጋግጧል?» አለው። «አልተረጋገጠም» ካለ ሌላ ሦስት ገጽ መሙላት ሊኖርበት ነው። ሻዩ እየቀዘቀዘ ነበር። «ተረጋግጧል» የሚለውን ነካ። «በዚህ ክልል ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀረበው» በሚለው ቦታ የአስመጪውን ስም አስገባ። በኋላ አስተካክለዋለሁ አለ።

በኋላ የሚባለው ቀን አልመጣም። ገልባጮቹ ግን መጡ። አርባ አንድ ቦታ ያንኑ ጻፉ። ከአርባ አንዱ አንድም ሰው ቆም ብሎ፣ በዓመቱ የመጀመሪያ ቀን የትኛው ሱቅ ተከፍቶ ነው አዲስ ዕቃ የሚሸጠው ብሎ አልጠየቀም። በዚያ ቀን የጉምሩክ ዘበኛ እንኳ ቤቱ ተኝቷል። ጥያቄዋ የአምስት ዓመት ሕፃን የሚጠይቃት ናት። እነሱ ግን ሊቃውንት ናቸው፤ ይገለብጣሉ።

ካላንደር ወደ አዝራር መደብሩ የገባው በዚህ ዓመት፣ የሥራ ካፖርቱ አዝራር ስለተበጠሰ ነው። ጠባብ ሱቅ ነው፤ ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ ትንንሽ መሳቢያ፣ በየመሳቢያው ፊት አንዳንድ አዝራር ለናሙና ተሰፍቷል። ባለቤቷን ሰፈሩ እትዬ አዝራር ይላቸዋል። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። በዚያን ዕለት ባንኮኒው ጀርባ ሳይሆን ደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ከባንኮኒው ጀርባ የቆመችው ልጃቸው ናት። የሒሳብ መምህርት፤ መሳቢያዎቹን እየመዘዘች ካርቶን ውስጥ ትገለብጣለች።

«ዝግ ነን» አለችው ቀና ሳትል።

«አንድ አዝራር ብቻ ነው።»

«ስጪው እንጂ» አሉ እትዬ አዝራር። «ቡናማ፣ አራት ቀዳዳ፣ ሁለተኛው ረድፍ ከግራ ሰባተኛው። ይኸውልህ አንተ ልጅ፣ እኔ አበድኩ ተብዬ ቁልፌን ተቀምቻለሁ። ያበደ ሰው ሁለተኛው ረድፍ ከግራ ሰባተኛው ይላል?»

«አብደሻል ያለሽ የለም፣ እማዬ።»

«ትረሻለሽ አልሽኝ። በትህትና አብደሻል ማለት ነው።»

መምህርቷ መሳቢያውን አስቀምጣ ወደ ካላንደር ዞረች፤ እንግዳ ሰው ፊት መነጋገር አንዳንዴ ይቀላል። «ጎረቤቱን ሁሉ እየጠራች የምትለውን ብትሰማ። ያቺን ‹ቀይዋ መኪና› የምትባል ጌም ወደዚህ ከተማ መጀመሪያ ያመጣሁት እኔ ነኝ ትላለች። አስመጪው ሳያስበው፣ ከሁለት ዓመት በፊት። ቤተ መጻሕፍቱ የድሮ ጌሞች ኤግዚቢሽን ሊከፍት ነው ሲባል ሰምታ ሄዳ ዘበኛውን ስታስጨንቅ ውላለች።»

«አላስጨነቅሁም። ነገርኩት።»

«እኔም ልጅ ሆኜ ማሽን እዚህ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ እሱን አልካድኩም። ግን ከአስመጪው ገዝታ ነው እንጂ ከዚያ በፊት አይሆንም። እንዳጋነነች ገባኝና አንብቤ ላስረዳት ሞከርኩ። ይኸው» አለች፣ ስልኳን ወደ ካላንደር ፊት ዘርግታ። «ተመልከት። አንድ፣ አንድ፣ ዘጠና አምስት። ‹ተረጋግጧል› ይላል። አርባ ቦታ ይህንኑ ነው የሚለው። አርባ ቦታ የተጻፈ ነገር ላይ ሽንጧን ገትራ ስትከራከር ምን ትላለህ? እኔ ሥራ አለኝ፣ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ናት። ብትወድቅስ? ምድጃ ለኩሳ ብትረሳስ? የሚቀጥለው ሐሙስ ሱቁን አስረክባ እኔ ጋ ትገባለች።»

ካላንደር ስልኩን አየ። ከቀኑ ሥር በትንሽ ፊደል «መዝጋቢ፦ ሰባተኛው መደርደሪያ» ይላል። ስልኩን መልሶ ሰጣት።

እትዬ አዝራር ተነሥተው ከታችኛው መሳቢያ አንዲት ከረጢት አወጡ። «ወንድሜ የመርከብ ወጥ ቤት ነበር» አሉ። «አንድ ማሽንና ስድስት ካሴት በጆንያ ይዞልኝ መጣ፤ በኋላ ደግሞ ሠላሳ አራት ካሴት ጨመረ። አቧራ እንዳይገባበት ለእያንዳንዱ ከረጢት ሰፋሁለት። ሱቄ የገባ ጨርቅ ሁሉ የገባበት ቀን ጥግ ላይ ይሰፋበታል፤ የትኛው እንደቆየ የማውቀው በዚያ ነው። ለካሴቱም ያንኑ አደረግሁ። ካሴቶቹ ከነከረጢታቸው በውሰት እየወጡ በየሰው ቤት ቀሩ፤ እጄ ላይ ያለችው ይቺ ዘጠነኛዋ፣ የ‹ቀይዋ መኪና› ከረጢት ብቻ ናት። ገልብጣትና እያት።»

ገልብጦ አያት። አሥራ ሰባት፣ ዘጠኝ፣ ዘጠና ሁለት። የክሩ ፊት ከማርጀት ብዛት ነጥቷል፣ ጀርባው ግን እንደተገዛበት ዕለት ቀይ ነው። በእጁ ዳስሶ አዲስ ክርና አሮጌ ክር የማይለይ ሰው እንኳ ይህን ይለያል።

«እሱንም በቅርብ ሰፍታው ይሆናል» አለች ልጅቷ፣ ቀስ ብላ። «እኔ እኮ ውሸታም ናት እያልኩ አይደለም። ራሷም ሳታውቀው።»

እትዬ አዝራር እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወደ ራሳቸው መሳቢያዎች ተመለከቱ። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሰፉትን ራሳቸው መጠራጠር ጀምረው ነበር። ካላንደር ይህን በዓይኑ አየ። አየና ምን አለ? «እስቲ ላጣራ» አለ። አዝራሩን ኪሱ ከቶ፣ ከረጢቷን ተውሶ ወጣ።

ላጣራ! ምኑን ነው የሚያጣራው? የጻፈው እሱ፣ የፈጠረው እሱ፣ ማስረጃው እጁ ላይ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚቀረው፤ «እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ገምቼ ነው» የሚል። ያቺን ለማውጣት ከሆዱ እስከ አፉ ረጅም መንገድ ሆነበት።

ያደረገውን ስሙ። ቤቱ ገብቶ፣ በራሱ ስም ለማስተካከል ስላፈረ በማኅደሩ ላይ ሌላ አዲስ ስም ከፈተ። በአዲሱ ስም የራሱን ጽሑፍ ተቃወመ፤ «ይህ ቀን ስሕተት ነው» ብሎ የከረጢቷን ፎቶ ላከ። በማግሥቱ ከማኅደሩ አስተዳዳሪ መልስ መጣ። ቀኑ በሰባት ምንጮች የተደገፈ ነው ይላል፤ ሰባቱም ከእሱ የገለበጡ። ቀጥሎም «የመጀመሪያው መዝጋቢ ሰባተኛው መደርደሪያ ከእኛ መካከል እጅግ ጠንቃቃው ነው። አንተ ትናንት የገባህ ሰው ነህ። እንዲህ ያለውን ሰው ሥራ ከመንካትህ በፊት ከእሱ ብትማር ይሻላል» ይላል። ካላንደር መልሱን ሁለት ጊዜ አነበበው። መጀመሪያ በንዴት። ሁለተኛ ጊዜ፣ ይቅር ይበለው፣ ትንሽ ደስ ብሎት።

ሰኞ ዕለት ከሥራ አስፈቅዶ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄደ። የኤግዚቢሽኑ ኮሚቴ ሊቀ መንበር በመስታወት ቢሮ ውስጥ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ በስፖንጅ የተጠቀለለ የነሐስ ሰሌዳ አለ፤ የአስመጪው ድርጅት ስምና 1 – 1 – 95 ተቀርጾበታል። የምረቃውን ወጪ የሚችለው ድርጅቱ ነው፣ ሠላሳኛ ዓመቱን ያከብራልና። ካላንደር ከረጢቷን አውጥቶ ሰሌዳው አጠገብ አኖራት።

«ዶክተር፣ ከአስመጪው በፊት ያመጡ ሰው አሉ። ማስረጃው ይኸው።»

ሊቀ መንበሩ ከረጢቷን በብዕሩ ጫፍ ገፋ አደረጋት፤ በእጁ አልነካትም። «የአዝራር ሱቋ እናት ናቸው አይደል? ልጃቸው ራሷ ደውላልን ነበር። ድንገት መጥተው ከረበሹ ይቅርታ አድርጉላቸው፣ የመርሳት ነገር ጀምሯቸዋል አለች። ምስኪን።»

«ከረጢቷ ላይ ቀን አለ።»

«እኛ በዓለም አቀፍ ምንጭ ነው የምንሠራው፣ ወንድሜ። በጨርቅ አንሠራም።»

«የመጀመሪያው ቀን እኮ በዓል ነው። የትኛው ሱቅ ተከፍቶ ነው የተሸጠው?»

ሊቀ መንበሩ ጥያቄው ገብቶታል፤ ከፊቱ ይነበባል። ከዚያ ሰሌዳውን በስፖንጁ መልሶ ሸፈነው። «ተቀርጿል እኮ» አለ። «በነሐስ።»

ይኸው የአገር ዕውቀት ጠባቂ። እውነቱ ይህ ነው ብትለው ተቀርጿል ይላል። ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ከሊቀ መንበሩ የባሰ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ያ ዓለም አቀፍ ምንጭ ራሱ ሆኖ ቆሞ «እኔ ነኝ» ሳይል ከረጢቷን ሰብስቦ የወጣው ነው።

ረቡዕ ከሰዓት ካላንደር መጋዘን ውስጥ አንድ ካርቶን ከፈተ። የሕፃናት ጠብታ ነው። ከማብቂያው ቀን አንዷ አኃዝ ደብዝዛለች። በልማዱ «ይመለስ» የሚለውን ወረቀት ሊለጥፍ እጁን ሲዘረጋ፣ አለቃው ከጀርባው «ተዋት እንጂ፣ ለጊዜው አንድ ብለህ ጻፍ» አለው። ቀልዱን ነበር፤ ሁሌ የሚቀልደው ነው። ካላንደር ወረቀቱን ለጥፎ ሲያበቃ ካፖርቱን አወለቀ። «ወዴት ነው?» ሲለው፣ «አንድ ያልመለስኩት ካርቶን አለ» ብሎ ወጣ።

ሱቁ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው። ግድግዳው ላይ መሳቢያ የነበረበት ቦታ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ብቻ። እናትና ልጅ በሁለት የታሸጉ ካርቶኖች ላይ ተቀምጠው ነበር።

«አጣራህ?» አሉት እትዬ አዝራር።

«እትዬ፣ የሚጣራ ነገር አልነበረም። ሰባተኛው መደርደሪያ የሚባለው እኔ ነኝ።» ወደ መምህርቷ ዞረ። «ስልክሽ ላይ ያሳየሽኝን ቀን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አላውቀውም ነበር። ቅጹ ባዶ አልቀበልም ሲለኝ አንድ፣ አንድ አልኩ። ‹ተረጋግጧል› ያልኩትም ስለሰነፍኩ ነው። አርባው ሁሉ ከእኔ ነው የገለበጠው።»

«ያኔ ስጠይቅህ እዚሁ ቆመህ ነበር» አለች መምህርቷ።

«ቆሜ ነበር።»

«ስልኩን ፊትህ ላይ ዘርግቼልህ።»

«አዎ።»

«ያኔ የዋሸህ ሰው ዛሬ ላለመዋሸትህ ምን ማረጋገጫ አለኝ?»

ትክክል ናት። የሒሳብ መምህርት ናት፤ ማረጋገጫ ትጠይቃለች። ያሳዝናል፣ ከአርባ አንዱ ሊቃውንት መካከል እንዲህ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ካላንደር ከኪሱ የሰከንድ መቁጠሪያውን አወጣ። «የእኔን ቃል ተይው» አላት። «የዚያን ጌም ዜማ አንጎራጉሪልኝ።»

«አንተ ታሾፋለህ?»

«ማሽኑ እዚህ ነበር ብለሻል። ሰምተሽዋል ማለት ነው። አንጎራጉሪው ብቻ።»

«አንጎራጉሪለት እንግዲህ» አሉ እናቷ። «ሌላማ ምን ሥራ አለን።»

መምህርቷ ፊቷን አጨፍግጋ ጀመረች። መጀመሪያ እያፈረች ነበር፤ ከዚያ እግሯ ሳታዘው ወለሉን መምታት ያዘ። ሲያልቅ ካላንደር ቁጥሩን ጻፈ። «ድገሚ።» ደገመች። «አንዴ ደግሞ።» ሦስቱን ቁጥሮች የጻፈበትን ወረቀት ሰጣት። ሃያ አምስት፣ ሃያ አራት ተኩል፣ ሃያ አምስት።

«ስልሳ ሦስት ሰው አንጎራጉሮልኛል፤ ሁሉም ሠላሳ ነው» አላት። «አስመጪው የሸጠው ካሴት ሠላሳ ነው፤ ከዚያ ሊፈጥን አይችልም፣ ማሽኑ አይለቀውም። ሃያ አምስት ከባሕር ማዶ ብቻ ነው የሚመጣው። አንቺ ከአስመጪው የተገዛ ካሴት አይደለም የሰማሽው። መኪናዋስ ምን ዓይነት ቀለም ነበረች?»

«ግራጫ» አለች ወዲያው። ከዚያ ቆም አለች። «ሁሉም ቀይዋ ይላታል። እኔ ለምን ግራጫ አልኩ?»

«ቀለሙን አያወጣውማ» አሉ እትዬ አዝራር። «ሥዕሉም ወደ ላይ እየሸሸ ሲያስቸግር ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለውን ቁልፍ የምታዞሪው አንቺ ነበርሽ። ትንሽ ጣት ያለሽ አንቺ ብቻ ነበርሽ። የሁለተኛ ክፍል ልጅ። ባንኮኒው ሥር ተቀምጠሽ የቤት ሥራ እየሠራሽ።»

መምህርቷ ጣቶቿን ተመለከተች። «ሁለተኛ ክፍል» አለች። «ሁለተኛ ክፍል ከሆነ ዘጠና ሁለት ነው፣ እማዬ።» ሒሳብ ነው፤ ራሷ ሠራችው። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ቁልፎቹን አወጣችና በእናቷ መዳፍ ላይ አኖረቻቸው። ይቅርታ አላለችም።

«ረስታለች ብለሽ ወሰድሽው» አሉ እናት ቁልፉን እየቆጠሩ። «የረሳሽው አንቺ ነበርሽ። በይ ተነሽ፣ መሳቢያዎቹን በየቦታቸው መልሺ። ሁለተኛው ረድፍ ከግራ ሰባተኛው ቡናማ ነው።»

ካላንደር በዚያው ዕለት፣ በራሱ ስም፣ በማኅደሩ ላይ ጻፈ። አጭር ነበር፦ ገምቼ ነው የጻፍኩት፤ ተረጋግጧል ያልኩት ውሸት ነው። አስተዳዳሪዎቹ ምን ያደረጉ ይመስላችኋል? ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ማየት የነበረባቸውን ያኔ አዩ፤ ማለትም የእሱን ሥራ በሙሉ። አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት መዝገብ ጽፎ ነበር፤ ሁሉንም በአንድ ምት ሰረዙ። እውነተኞቹንም፣ ስልሳ ሦስቱንም አንጎራጓሪዎች፣ ሁሉንም። ያቺን አንዲቷን ቀን ግን ሊያነሷት አልቻሉም፤ በሰባት ምንጮች የተደገፈች ናታ። ሰውየው ሐሰተኛ ተባለ፣ ሐሰቱ ግን ጸንቶ ቀረ። ከዚህ በላይ የሚያስቅ ነገር ካለ ንገሩን።

ሰሌዳው በዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ተሰቀለ። በዓል ስለነበር ከተማው ሁሉ ተዘግቶ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ብቻ ለዚሁ ተከፈተ። ሊቀ መንበሩ ንግግር አደረገ፤ አስመጪው አጨበጨበ። እትዬ አዝራር ከልጃቸውና ከካላንደር ጋር ከኋላ ቆመው ነበር። ማንንም አልረበሹም። ሰው ሲወጣ ወደ ሰሌዳው ጠጋ ብለው መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡት።

«በዛሬው ቀን ሱቅ ከፍቼ አላውቅም» አሉ። «የእነሱ ሱቅ ግን ክፍት ነበር አሉ። ጎበዞች።» ከዚያ ሰሌዳውን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። «ብሎኑም ላልቷል።»

አሁን የቀረው እናንተ ጋ ነው። ማኅደሩ በመጨረሻ አንድ ነገር ቃል ገብቷል፤ ከሌላ ሰው እጅ ሁለተኛ ማስረጃ ከመጣ ቀኑን ያነሣል። እትዬ አዝራር አርባ ከረጢት ሰፍተዋል። አንዷ ተገኝታለች። ሠላሳ ዘጠኙ እናንተ ቤት ናቸው፤ ከአሮጌ ፎቶ ጋር፣ ከቁልፍ ሣጥን ሥር፣ እናታችሁ መርፌ የምታኖርበት ውስጥ። ዛሬውኑ ተነሥታችሁ ፈልጉ። ካገኛችሁ አትጠቧት፣ ክሩን አትምዘዙት፤ ክዳኗን ገልብጣችሁ ፎቶ አንሡና ወደ አዝራር መደብሩ አምጡ፣ ክፍት ነው። ከውስጥ የተሰፋው ቀን ተበጥሶ ባዶ ከሆነም እንደዚያው አምጡት። ባዶውን ባዶ ነው በሉ። እባካችሁ፣ ከራሳችሁ አትሙሉት።